በትኩሳት የተጠራ ስም

ወልደ ኪዳን በቅሎውን ሸጦ የሞቱ ሰዓቶች የገዛ ዕለት ቢቸና ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀችበት። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። አባቱ መሪጌታ ከሞጣ የሰጡት ሰጋር በቅሎ ነበረች። እሷን አሳልፎ ሰጥቶ፣ በመሐረብ የተቋጠሩ አሥራ አንድ የማይሄዱ ሰዓቶች ይዞ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ኮርቻህን ሰዓት ላይ ልትጭን ነው?» አልኩት።

«በቅሎዋ ሞጣ ድረስ ብቻ ነበር የምትወስደኝ ሀብትነሽ» አለና ፈገግ አለ።

«እነዚህስ የት ሊያደርሱህ ነው?»

ለቀልድ ነበር የጠየቅሁት። ዛሬ ሳስበው ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው እላለሁ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ሀብትነሽ እባላለሁ። ያን ጊዜ፣ በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከባሌ ተፋትቼ አጎቴ ግራዝማች ሣህለ ማርያም ቤት ተጠግቼ ነበር የምኖረው። ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ምላሷ ግን የስልሳ ዓመት ባልቴት ነው ይሉኝ ነበር። አጎቴ ባለ ርስት፣ ባለ ማዕረግ፣ በአደባባይ ሲያልፉ ሰው የሚነሳላቸው ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አመተ ሥላሴ። እኔ አመቴ ነው የምላት። እህት አልነበረኝምና እሷን እህት አደረግኋት። የምጽፈው ስለ እሷና ስለ ወልደ ኪዳን ነው። ግን ደግሞ መናገር ሲገባኝ ዝም ስላልኩበት አንድ ከሰዓት በኋላም ነው። ያንን ሳልናገር ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።

ወልደ ኪዳን የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀን የሰው ክርክር ሲጽፍ ይውልና አሥር ሰዓት ሲሆን ቤቱ ገብቶ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሰዓት ይሠራል። ጠጋኝ እንዳይመስላችሁ። የሰው ሰዓት ጠግኖ ገንዘብ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ ለሰው ይገባው ነበር። እሱ ከአንዱ የሞተ ሰዓት ውስጡን፣ ከሌላው ቀፎውን፣ ከሦስተኛው ቆጣሪዎቹን ይወስዳል፤ ፊቱን ደግሞ በገዛ እጁ ያበጃል። እንዲህ አድርጎ በዓለም ላይ ወንድም የሌለው ሰዓት ያወጣና ለማንም አይሸጠውም። «ታዲያ ለምን ትለፋለህ?» ሲሉት «ደስ ይለኛላ!» ይላል። የደመወዙ ግማሽ በዚህ ያልቃል። የሞጣው ነጋዴ አብዱሰመድ ከአስመራ መስታወት ያስመጣለታል፤ መስታወቱ መንገድ ላይ ይሰበራል፤ ደግሞ ሌላ ያዛል። በቅሎ የለውምና ዕቃውን ለመቀበል ሞጣ ድረስ በእግሩ ይኳትናል። «ሌላው በጠጅ ይከስራል፣ እኔ በዚህ ልክሰር፤ ምን አለበት?» ይለኝ ነበር።

የሰዓቱን ፊት የሚሠራው ከጥይት ቀለህ ነው። ቀለሁን በእሳት ያለሰልሳል፣ በመዶሻ ይጠፈጥፋል፣ በሞረድ ይሞርዳል። ከዚያ ከአባቱ የተማረውን የቁም ጽሕፈት ይዞ፣ ከጥቂት ፀጉር በታሰረች ብሩሽ ከ፩ እስከ ፲፪ ይጽፍበታል። በቀኝ ዓይኑ ላይ በክር የሚያስራት ማጉያ መነጽር አለችው። እንግዲህ መንገደኛ በመስኮቱ ሲያልፍ የሚያየው እሳት፣ መዶሻ፣ ብረት፣ ደግሞም አንድ ትልቅ ዓይን ነው።

በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ ነው። ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ያረፈበትን ሰው ይበላል ይባላል። ማረሻችንንም ቢላችንንም ከእጁ እንቀበላለን፣ ልጃችንን ግን ከፊቱ እንሸሽጋለን። ታዲያ የመሪጌታ ልጅ በገዛ ፈቃዱ፣ ለደስታው ብሎ ያንን መዶሻ ያነሳል ቢሉት ማን ያምናል? «ደሙ ቢጠራው ነው» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ በሳቅ ነበር የሚሉት፤ እያደር ሳቁ ቀረ።

አመቴ እሱን ያየችው በእኔ ጥፋት ነው። የአጎቴ የኪስ ሰዓት ቆሞባቸው «ለዚያ ለጸሐፊው አሳዪልኝ» ሲሉኝ እሷም ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ። ወልደ ኪዳን አጎንብሶ ይሠራ ነበር። ቀና ሲል መነጽሯን ከዓይኑ ማውለቁን ረሳ። አመቴ ሳቀች። እሱ ደንግጦ በዚያ ትልቅ ዓይን ዝም ብሎ ያያት ጀመር።

«ምን ይታይሃል በሱ?» አለችው።

ክሩን ፈትቶ መነጽሯን ሰጣትና የአንዱን ሰዓት ሆድ ከፍቶ ከፊቷ አደረገ። ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ስትጠቀለልና ስትዘረጋ፣ ትንሿ መንኮራኩር ወዲያ ወዲህ ስትል አየች። እስትንፋሷን ያዘች።

«ፈርታ ነው እንዴ?»

«ማን?»

«ይቺ። እንዲህ የምትርገበገበው።»

«እሷስ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። እኔ ነኝ…» ብሎ የጀመረውን ሳይጨርስ አቀረቀረ፤ ጆሮው ድረስ ደም መሰለ።

እኔ እዚያ ቆሜ «ኧረ እኔም አለሁ!» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አመቴ መንገድ እየሳተች ሁለት ጊዜ እጇን ይዤ መለስኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሾፍባት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፈራሁላት።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤያቸው በእኔ መቀነት ተቋጥሮ ሲሄድ ሲመጣ ሰነበተ። የእሱን ደብዳቤ ብታነቡት ትስቃላችሁ። «ዛሬ አራተኛዋን ፊት አበላሸኋት። ፮ን ስጽፍ አንቺን አሰብኩና እጄ ሸሸኝ። ነገ ሌላ ቀለህ እፈልጋለሁ። ለእጅሽ የሚሆን ቀፎ አግኝቻለሁ፤ ጠባብ ናት፣ እንዳንቺ እጅ።» ይኸም የፍቅር ደብዳቤ ሆኖ አመቴ ጓዳ ገብታ ሦስት ጊዜ እያነበበች ታለቅስበት ነበር!

በጥር ሽማግሌ ላከ። አጎቴ ሽማግሌዎቹን አክብረው አስቀምጠው ሰሙና «የመሪጌታ ልጅ ክፉ ዘር አይደለም፤ ድሃ ቢሆንም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው» አሉ። «ነገር ግን ብረት ይቀጠቅጣል ይሉኛል። መዶሻውን ይተው፤ መተዉንም አገር ይይለት። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ፣ እንነጋገራለን።»

ከአጎቴ አፍ ይህ ከወጣ ግማሽ እሺታ ነው። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወደ ወልደ ኪዳን ሮጥኩ።

«እተዋለሁ» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ። «ማርያምን፣ እተዋለሁ! ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

«የቷን?»

«የእሷን። ፊቷ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አንተ ጅል! ልጅቱን ራሷን ሊሰጡህ ነው እኮ፤ ሰዓቷ ምን ታደርግልሃለች?»

«ስድስት ወር ለፋሁባት ሀብትነሽ። ይቺን ብቻ። ከዚያ መዶሻዬን ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብራታለሁ።»

ቁማርተኛም ሰካራምም አውቃለሁ፤ የቀድሞ ባሌ ሁለቱንም ነበር። «ይቺን ብቻ» ሲሉ ሰምቼ አላምንም። የወልደ ኪዳን ግን ሌላ ነው። መዳፉ ላይ ያስቀመጣትን ያችን ቅንጣት ብረት ሲያይ የነበረው ደስታ፣ እውነት ለመናገር፣ አስቀናኝ። እኔ በሕይወቴ እንዲያ የወደድኩት ነገር ኖሮኝ አያውቅም። መዶሻውን ነጥቄ መሄድ ሲገባኝ አንጀቴ ራርቶ ትቼለት ወጣሁ። ገና ከደጁ ሳልርቅ ኳ፣ ኳ ማለት ጀመረ። ከአጥር ወዲያ አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ወደ ቤት ስታስገባ አየሁ።

መጋቢት ሲገባ ሰዓቷ አለቀች። መዶሻውንም እንዳለው ቀበረው። አመቴ ሰዓቷን እንዳይታይባት ከክርኗ በላይ፣ ከእጅጌዋ ውስጥ አሰረቻት። ቤተ ክርስቲያን የሑዳዴው ጸሎት ሲረዝም እጇን እዚያ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ትሰሚያታለሽ?» ትለኛለች በሹክሹክታ። እኔ አልሰማም ነበር፤ እሷ ግን ቀንም ሌሊትም ትሰማት ነበር።

ሰዓቷን ባሰረች በስምንተኛው ቀን አመቴ ራሴን አለች። በዘጠነኛው ቀን እሳት ሆነች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገብረ ክርስቶስ መጥቶ ዓይኗንና ምላሷን አይቶ «ተስቦ ነው» አለ። «ዛሬውኑ በቃሬዛ አምጧትና መርፌ እንጀምርላት። ሁለት ሦስት ቀን ከዘገያችሁ እኔም ላልደርስላት እችላለሁ።»

አጎቴ እሺ ብለው ቃሬዛ አስመጡ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ልብሷን ሊቀይሩላት እጅጌዋን ሲገልጡ ነው ያ ጩኸት የተሰማው።

«ሰዎች ድረሱ! የልጄ ክንድ ላይ የሚመታ ነገር አለ!»

ወንድሟ ፋንታ ገብቶ ማሰሪያውን በጥሶ አወጣት። የቀለህ ፊት፣ የግዕዝ ቁጥር። በአገሩ ይህን የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፋንታ ደፍ ላይ አስቀምጦ በድንጋይ መታት። ከስድስት ወር በላይ የተለፋባት ሰዓት በሁለት ምት ዱቄት ሆነች።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ቤት ተስቦ የሚል ቃል የተናገረ የለም። ቃሬዛው ውጭ ቀረ። ቡዳ የበላውን ሰው መርፌ ከወጉት እዚያው ይቀራል ይላሉና፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ደጁ ላይ ተኝተው «መጀመሪያ የበላት ይልቀቃት፤ ሳይለቃት ብትወስዷት በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ነው!» አሉ። የበላት ማን እንደሆነ ደግሞ የሚታወቀው በታማሚዋ አፍ ነው። ጤና አዳም አሽትተው፣ ከበው፣ ይጠይቃሉ። ታማሚዋ የምትጠራው ስም የቡዳው ስም ነው። እንዲህ ነው ያደግነው፤ እኔም እስከዚያ ቀን አምን ነበር።

ፋንታ ጤና አዳሙን አፍንጫዋ ላይ አድርጎ «ማነህ? ማነህ የበላሃት? ተናገር!» እያለ ጮኸ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ትኩሳት ከብቅል ይብሳል። አመቴ ዓይኗን ገለጠች። ማንንም አታይም። የደረቀ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«ወልደ ኪዳን» አለች። «ወልደ ኪዳኔ… ና።»

አንድ ጊዜ እንኳ ያፈቀረ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ተናገረ! ተናገረ!» ብሎ ቤቱ ተናወጠ። መቀነቴ ውስጥ አመቴ አንብባ እንድደብቅላት የሰጠችኝ ሃያ ሦስት ደብዳቤ አለ። ተነስቼ «ግራዝማች፣ ይቺ ልጅ የያዛት ፍቅርና ተስቦ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደብዳቤውን ያመላለሰች ማን ናት ቢሉኝስ? አጎቴ ከቤታቸው ቢያስወጡኝ ወደ ማን ነው የምመለሰው፤ ወደዚያ አጥንቴን ወደ ሰበረው? ምላሴ ለቀልድና ለነገር የፈጠነውን ያህል ያን ጊዜ ድንጋይ ሆነ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ።

እነ ፋንታ ጠመንጃ ሲያነሱ ግን በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ።

ወልደ ኪዳን ከፍርድ ቤት ያመጣውን ወረቀት እየገለበጠ ነበር። ትንፋሽ አጥሮኝ ሁሉንም ነገርኩት። «ሽሽ! የሞጣ የጭነት መኪና አሁን ሊነሳ ነው፤ ሽሽ!»

«እንዴት ናት?» አለኝ።

«ምን እንዴት ናት ትለኛለህ፣ ሊገድሉህ እየመጡ ነው! ወስደው እፊቷ ያቆሙህና እንትፍ በልባት ይሉሃል። ቡዳው እንትፍ ሲልባት ይለቃታል ነው የሚሉት።»

«መርፌውንስ ጀመሩላት?»

«ሳትለቃት አይወስዷትም!»

ብዕሩን አስቀመጠ። ክዳኑን ገጠመ።

«እንትፍ ካልኩ ይወስዷታል?»

«አብደሃል? እንትፍ ካልክ እኮ እኔ ቡዳ ነኝ ማለትህ ነው። እስከ ዕለተ ሞትህ! አባትህ፣ እህቶችህ፣ ገና ያልተወለዱት ሳይቀሩ የቡዳ ዘር ይባላሉ። እሷንስ ከእንግዲህ ታገኛለህ? ለቡዳ ማን ልጁን ይድራል?»

«ካላልኩስ ሀብትነሽ?»

መልሴን አልጠበቀም። የእነ ፋንታ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሲሰማ ኮቱን ለብሶ አንገቱን ቆለፈ፤ ሙሽራ እንጂ ተከሳሽ አይመስልም ነበር። እነሱ በፊት በር ሲገቡ እኔ በጓሮ ሾልኬ በአቋራጭ ቀደምኳቸው።

ደርሼ ስገባ እልፍኙ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ የወጡም ድስት ሳይቀር ዓይኑ እንዳያርፍበት ተከድኗል። ሙሽራ ሆኜ እገባበታለሁ ያለውን ቤት ወልደ ኪዳን ከኋላው አፈሙዝ ተደግኖበት ገባ። አመቴን ሲያያት እግሩ ተያዘ። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር ያላያት፤ ያገኛት ግን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነው።

«አንተ ነህ የበላሃት?» አሉት አጎቴ።

«ልቀቃት ከሆነ የምትፈልጉት እለቃታለሁ» አለ። ድምፁ የረጋ ነበር። «ግን አንድ ነገር ይማሉልኝ ግራዝማች። እኔ እንደ ለቀቅኋት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሷታል።»

«ለቡዳ ልማል?»

«ለልጅዎ ይማሉ።»

አጎቴ ልጃቸውን አዩ። «ሚካኤልን» አሉ። «አሁኑኑ እወስዳታለሁ። ተናገር፤ አንተ ነህ?»

ወልደ ኪዳን አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ተናገሪ ብሎ ይሆን፣ ዝም በይ ብሎ ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አለ።

ተንበርክኮ ወደ ፊቷ ጎነበሰ። ሦስት ጊዜ እንትፍ አለ፤ ምራቅ እንኳ አልነበረውም፣ አፉ ደርቋል። እሷ ትንፋሹን አወቀችው መሰለኝ። «ወልደ ኪዳኔ፣ መጣህ?» አለች።

«ሰማችሁ! ሰማችሁ!» ብለው ጮኹ። በጠመንጃ ሰደፍ እየገፉ አስወጡት። ኮቱ ላይ የወረደው እንባው ነበር፤ ሰው ግን ቡዳው ሲሸነፍ አለቀሰ ብሎ እስከ ዛሬ ያወራል።

አጎቴ መሐላቸውን ጠበቁ። አመቴ በዚያው ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ገባች፤ መርፌውን ጨርሳ ለሆሳዕና ተነስታ ተቀመጠች። ገብረ ክርስቶስ «ዕድለኛ ናት፤ ጥቂት ቀን ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር» አለ። ሰሚ አላገኘም። ምራቁ ነው ያዳናት፤ አለቀ።

ወልደ ኪዳን ቢቸና አንድ ሳምንት አልቆየም። ቤት ያከራዩት ሰዎች ዕቃውን አወጡበት፤ ባለጉዳዮች ክርክራችንን በሱ እጅ አናስጽፍም አሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ገሸሽ አለ። በእግሩ ወደ ሞጣ ሄደ። አመቴ በየቀኑ «ለምን አይጽፍልኝም?» ትለኛለች። እኔ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ምን ብዬ ልንገራት?

በፋሲካ ማግስት ደብዳቤው ለእኔ መጣ። «ሀብትነሽ፣ መዳኗን ብቻ ጻፊልኝ። እዚህ ታናሽ እህቴን ያጩ ሰዎች ጥሎሹን መልሱ አሉ። አባቴ ደጃፍ ቆመው አዩኝና በሩን ዘጉት፤ አልፈርድባቸውም። አብዱሰመድ የሱቁን ጓሮ ሰጥቶኛል። ‘እኔ የማየው ሰው ነው’ አለኝ። ለአመቴ ይህን ሁሉ አትንገሪያት። እሷ ትኑርልኝ።»

ስድስት ቀን ደበቅሁት። በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ግን ዓይኗን ማየት ቢያቅተኝ ደብዳቤውን ሰጥቼ ከስሙ መጠራት ጀምሮ እስከ እንትፍታው ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷ ግን አንጀቷም የደረቀ መሰለ። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። እልፍኝ ውስጥ አጎቴ፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴና ፋንታ ማዕድ ቀርበው ነበር። እፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«አባባ» አለች፣ «ወልደ ኪዳን ቡዳ አይደለም። ስሙን የጠራሁት ስለምወደው ነው። ከመታመሜ በፊትም እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።»

አጎቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቁጣ ቢሆን በወደድኩ! ፊታቸው በሐዘንና በፍርሃት ተሞላ። የጎረሱትን አላላመጡም።

«ወይኔ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው። «አልለቀቃትም።»

«አባባ፣ ይስሙኝ እንጂ—»

«ሞጣ ሆኖም እየበላት ነው!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ ደረታቸውን እየደቁ። «በገዛ አፏ እኮ እያናገራት ነው!»

ፋንታ ተነስቶ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ። «ነገ ማታ ሞጣ ነኝ» አለ። «እሱ በሕይወት እያለ እህቴ አትተርፍም።» ጥይት መቁጠር ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ምላሴ የተፈታው፤ ምን ያደርጋል! «ግራዝማች፣ እውነቷን ነው! ተዋደው ነበር፤ ደብዳቤያቸውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ይኸውልዎ!» ብዬ መቀነቴን ፈትቼ ሁሉንም እፊታቸው ዘረገፍኩት። አጎቴ እባብ እንዳዩ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። ወረቀቱን አልነኩትም። ፋንታ በእግሩ እየገፋ ወደ ምድጃው አስገባው።

«አንቺንም ነክቶሻል» አሉኝ አጎቴ። የሚያሳዝነው፣ እያዘኑልኝ ነበር።

አመቴ ወረቀቱ ሲነድ አየች። ፋንታ ጥይቱን ሲያጎርስ አየች። እኔ ደግሞ እሷን አየኋት፤ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። እወደዋለሁ ባለች ቁጥር ሞቱን ታፋጥናለች። ስሙ ከአፏ በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ወደ ሞጣ ይነሳል።

ቡዳ የለቀቀው ሰው በሁለት ነገር ይታወቃል፦ ይበላል፣ ይስቃል። ይህን እሷም ታውቃለች።

«ወንድምዓለም፣ ጠመንጃው ምን ሊሠራልህ ነው?» አለች። «ራሴን አዞረኝና የማይሆን ቀባጠርኩ እንጂ። ከአልጋ ከተነሳሁ ገና ስንት ቀኔ ነው?» ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

አጎቴ አተኩረው አዩዋት። «ወልደ ኪዳን የሚሉትን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«ፍርድ ቤት የነበረው ጸሐፊ ነው? ስሙን ሰምቻለሁ።»

«ስሙ ሲጠራ ምን ይሰማሻል?»

«ምንም አባባ። ምን ይሰማኛል?»

የዶሮውን ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ዋጠች። ሁለተኛ አጎረሷት፤ ዋጠች። ፋንታ ጠመንጃውን እንደያዘ ቆሟል።

«እስቲ ሳቂልኝ ልጄ» አሉ አጎቴ።

ሳቀች። ጥርሷ ሁሉ ታየ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እልል አሉ። ፋንታ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጠመንጃውን ወደ ግድግዳው መለሰ። አጎቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ተመስገን፣ ልጄ ተመለሰችልኝ» ይሉ ነበር።

አመቴ ሦስተኛውን ጉርሻ ዋጠችና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ይጨምሩልኝ» አለች።